ኩንታል ቆጥራችሁ «ልምድ የለኝም» አትበሉ

ለቃለ መጠይቅ የሚቀርብ የአርሲ ወጣት ራሱን ከሚጥልባቸው መልሶች ሁሉ የከፋው «ልምድ የለኝም» የሚለው ነው። ይህን የምጽፈው በተለይ ለሁሩታ ልጆች ነው፤ ተመርቀው፣ የመውጫ ፈተናውን አልፈው፣ ቴምፖና ስቱደንት ኮፒያቸውን በፕላስቲክ አቃፊ ይዘው ማስታወቂያ ለሚጠብቁት። ማስታወቂያው «የሥራ ልምድ፦ ዜሮ ዓመት» ቢልም ጠያቂዎቹ «እስካሁን ምን ሠርተሃል?» ማለታቸው አይቀርም። ልጁ አንገቱን ደፍቶ «ገና ተመራቂ ነኝ» ይላል፤ እነሱም ወደሚቀጥለው ጥያቄ ያልፋሉ።

ሁሩታን በመኸር ወቅት የሚያውቅ ሰው ይህን መልስ አያምንም። ከጥቅምት ማብቂያ አንስቶ ኮምባይነር ወደ ሎዴ ሄጦሳ የስንዴ ማሳዎች ሲገባ እጁን አጣጥፎ የሚቀመጥ ወጣት ጥቂት ነው። አንዱ ከማሽኑ ጎን ቆሞ ኩንታል ይቆጥራል። የአጨዳው ሒሳብ የሚታሰበው በኩንታል ስለሆነ የእሱ ደብተር ከተሳሳተ ገበሬውና የኮምባይነሩ ባለቤት እዚያው ማሳ ላይ ይጣላሉ። ስለዚህ አቧራው ዓይኑን እየሞላው ለእያንዳንዱ ጆንያ ጭረት ይጭራል፤ ማታ ሁለቱንም ወገን ፊት ለፊት አስቀምጦ ይደምራል። ሌላዋ ክረምቱ ሊገባ ሲል በኅብረት ሥራ ማኅበሩ መጋዘን የማዳበሪያ እደላ ትመዘግባለች፦ የገበሬው ስም ከነአያት፣ ቀበሌው፣ ስንት ኩንታል ዩሪያ፣ ስንት ዳፕ ወይም ኤንፒኤስ፣ የደረሰኝ ቁጥር፣ ፊርማ ወይም የአውራ ጣት አሻራ። ሰልፉ ረጅም ነው፤ ሁሉም ለመዝራት ስለሚቸኩል ሰው ቶሎ ይቆጣል።

ይቺው ልጅ ባንክ ለትሬኒነት ቀርባ «የተቆጣ ደንበኛ ቢገጥምሽ ምን ታደርጊያለሽ?» ስትባል ከስልኳ የሸመደደችውን ትደግማለች፤ «ደንበኛ ንጉሥ ነው» ትላለች። ከእሷ በፊት የገቡትም ይህንኑ ብለዋል። እንዲህ ብትልስ? «ማኅበር ውስጥ ማዳበሪያ ስመዘግብ አንድ አባት ስማቸው ከዝርዝሩ ጠፍቶ በጣም ተቆጡ። ወንበር ሰጥቻቸው ደረሰኛቸውን ከመዝገቡ ጋር አመሳከርኩ፤ ለካ የአያታቸው ስም ተሳስቶ ተጽፎ ኖሯል። ለሊቀ መንበሩ አሳይቼ አስተካከልን፤ በዚያው ቀን ጭነው ሄዱ።» ይህ አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ታጋሽ ነኝ፣ ጠንቃቃ ነኝ ማለት ሳያስፈልጋት ጠያቂው ሁለቱንም በጆሮው ሰምቷል።

ለምን አይናገሩትም? አስተዳደጋችን ነው ብዬ አምናለሁ። ልጅ በታላላቆች ፊት ዝም እንዲል፣ «ዝም አይነቅዝም» እየተባለ ያድጋል፤ የሠራውንም ቢሆን «ሠራን» እንጂ «ሠራሁ» አይልም። ይህ ጨዋነት ለቤት መልካም ነው፤ ቃለ መጠይቅ ላይ ግን ጠያቂው መስማት የሚፈልገው ከዚያ ሁሉ ሰው መካከል የአንተ እጅ የቱ ጋ እንደነበረ ነው። «እኔ የያዝኩት መዝገቡን ነው» ማለት ጉራ አይደለም። ያልሠራኸውን ሠራሁ ማለት ነው ነውሩ።

የኖሩትንና የሠሩትን መናገር ለሙያ ጥያቄም ይሠራል። ዕፅዋት ሳይንስ ያጠና የአርሲ ልጅ ስለ ስንዴ ዋግ ሲጠየቅ የፈንገሱን የሳይንስ ስም ይጠራል፤ ጥሩ ነው፣ ግን ያንን የትም ያደገ ተመራቂ ያውቀዋል። የአርሲ ልጅ ሌላም ያውቃል። በ2003 ዓ.ም. ቢጫ ዋግ «ቁብሳ» የተባለውን ዝርያ ሲመታ፣ በ2006 ደግሞ የግንድ ዋግ «ዲገሉ»ን ሲያጠፋ ሕፃን ቢሆንም እዚሁ ነበረ። ገበሬው በሙሉ በአንድ ዝርያ ላይ ተማምኖ ሲዘራ ምን እንደሚከተል፣ ቤተሰቡ የቱን ዝርያ ትቶ ወደ የቱ እንደዞረ፣ ፀረ ፈንገስ መድኃኒት ለመርጨት ስንት ቀን እንደዘገዩ አባቱን ጠይቆ መረዳት ይችላል። በአሰላና በኢተያ መካከል የቁሉምሳ ግብርና ምርምር ማዕከል አለ፤ ከስንዴ ምርምር ጋር ስሙ የተቆራኘ ተቋም ነው። አጠገቡ ያደገ ልጅ ከዚያ የወጡ ዝርያዎችን ስም ሳያውቅ ለግብርና ሥራ መቅረብ የለበትም። ለሌላውም መሥሪያ ቤት ቢሆን እንዲሁ ነው። ለአሰላ ብቅል ፋብሪካ የሚያመለክት ሰው የብቅል ገብስ ከምግብ ገብስ የሚለይበትን ሊያውቅ ይገባል፤ ይህን ለማወቅ ደግሞ ገብስ የሚያመርት ጎረቤት ይበቃዋል።

ሥራውን ከመናገር ባሻገር በወረቀት መያዝ ያስፈልጋል፤ ይህን ብዙ ሰው አያውቀውም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 12 ውሉ ሲቋረጥ ወይም ሠራተኛው በጠየቀ ጊዜ አሠሪው የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎቱን ዘመንና ደመወዙን የሚገልጽ ማስረጃ ያለ ክፍያ እንዲሰጥ ያስገድዳል። ለቋሚ ሠራተኛ ብቻ የተባለ የሚመስላቸው አሉ፤ አይደለም። ወፍጮ ቤት ሒሳብ የያዘ፣ እህል ነጋዴ ጋር ሚዛን ላይ የሠራ፣ የግል ትምህርት ቤት ውስጥ ለአንድ ሴሚስተር ተተክቶ ያስተማረ ሁሉ ይጠይቅ። የጽሑፍ ውል ሳይኖራችሁ ሥራ ከጀመራችሁም አሠሪው ውሉ በተደረገ በ15 ቀን ውስጥ ፍሬ ነገሩን ጽፎና ፈርሞ መስጠት አለበት። የሙከራ ጊዜውም ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም፤ «ገና ሙከራ ላይ ነህ» እየተባለ መንፈቅ የሚያልፍበት ወጣት ይህን ይወቅ።

የቋንቋውን ነገር በቀላሉ አትዩት። የወረዳና የዞን መሥሪያ ቤት በአፋን ኦሮሞ ይጠይቃል፤ የፌዴራሉ በአማርኛ፤ ባንኩና መንግሥታዊ ያልሆነው ድርጅት ብዙ ጊዜ በእንግሊዝኛ። የሁሩታ ልጅ አፋን ኦሮሞንና አማርኛን ገበያ ላይ ሲያቀላጥፍ ያድጋል፤ ይህን ሀብት ሲቪ ላይ የሚጽፈው በመጨረሻው መስመር ነው፣ ወይም ጭራሽ ይረሳዋል። ያቺን የመዝገብ ታሪክ በሦስቱም ቋንቋ ጮክ ብላችሁ ለወንድም ለእኅት ተናገሯት። በልብ የምናውቀው ነገር በእንግሊዝኛ ሲሆን አፍ ላይ ይያዛል፤ የሚፈታው በመለማመድ ብቻ ነው።

አዲስ አበባ ከተጠራችሁ በዋዜማው ሂዱ። ሌሊት ተነስቶ፣ አዳማ ላይ መኪና ቀይሮ፣ ሦስት ሰዓት ላይ ፈተና መቀመጥ ዕውቀትን ያባክናል። ኦሪጅናል ማስረጃችሁንና የፋይዳ መታወቂያችሁን ያዙ። ዋስ የሚባለውንም ነገር ሥራው ከተገኘ በኋላ አትጀምሩት፤ ገንዘብና ንብረት የሚያስረክብ መሥሪያ ቤት ደመወዝተኛ ዋስ ይጠይቃል፤ በጥቂት ቀን ውስጥ ሲባል ከገጠር የመጣ ልጅ ማንን ያገኛል? ከአሁኑ ቤተሰቡ ሰው ያስብበት።

በቴሌግራም «መመዝገቢያ ላክ፣ ሥራው ተይዞልሃል» የሚላችሁን ደግሞ ሽሹት። ሕጉ የግል ሥራና ሠራተኛ አገናኝ ኤጀንሲ ከሥራ ፈላጊው ክፍያ እንዲቀበል አይፈቅድም።

«ሁሉም በዘመድ ነው» የሚለኝ ወጣት ብዙ ነው። ውሸት ነው አልለውም፤ በዘመድ የተያዘ ወንበር አለ፣ ያስቆጣኛልም። ግን ከጠያቂዎች ወገን ተቀምጬ ያየሁት ሌላም አለ፤ ማንም ያልያዘው ቦታ ላይ፣ ጠያቂው ሰው አጥቶ በጉጉት በሚጠብቅበት ክፍል ውስጥ፣ ሥራ የሚያውቅ ልጅ ምንም እንደማያውቅ ሆኖ ተናግሮ ሲወጣ። ያ ሊድን የሚችል ጉዳት ነው።

አሁን ጥያቄዬ ለሁሩታ ኅብረት ሥራ ማኅበራት አመራሮች፣ ለኮምባይነር ባለቤቶችና ለእህል ነጋዴዎች ነው። የዘንድሮው አጨዳ ሲያልቅ ለእነዚህ ልጆች ከሒሳባቸው ጋር አንድ ገጽ ስጧቸው፤ ምን እንደሠሩ፣ ከመቼ እስከ መቼ፣ ስንት ኩንታል በእጃቸው እንዳለፈ። ማኅተም ካላችሁ አትሙበት፤ ከሌላችሁ ፈርማችሁ ስልካችሁን ጻፉበት፣ ሲደወልላችሁም አንሱ።