ቅልጥም ተሸፍኖ ጥርስ ለምን ይራቆታል?

ካዛንቺስና ቂርቆስ አካባቢ አዳራሽ እየተከራየሁ ልጆችን ቴኳንዶ አሠለጥናለሁ። ወላጆች ሊያስመዘግቡ ሲመጡ መጀመሪያ የሚጠይቁኝ የዶቦኩን፣ የቴኳንዶ ልብሱን፣ ዋጋ ነው፤ ቀጥሎ ቀበቶውን። ቢጫው መቼ ነው፣ ጥቁሩ ስንት ዓመት ይፈጃል? አፍ ውስጥ ስለሚገባው የጥርስ መከላከያ፣ ስለ ማውዝጋርድ፣ ቀድሞ የጠየቀኝ ወላጅ ግን ትዝ አይለኝም። በቅርቡ አንዲት እናት ዕቃውን አገላብጠው አዩና «ማስተር፣ ይቺ ላስቲክ ናት ብር የሚወጣባት?» አሉኝ። ልጃቸው አጠገባቸው ቆሞ ይስቃል። ሁለቱ የላይ የፊት ጥርሶቹ ገና መውጣታቸው ነው፤ ጫፋቸው እንደ መጋዝ ጥርስጥርስ ያለ፣ ምንም ያልነካቸው።

እነዚህ ጥርሶች በሰባትና በስምንት ዓመት ይወጣሉ፤ ሌላ ተተኪ የላቸውም። የወተት ጥርስ ሲወልቅ ጣሪያ ላይ ወርውረን አዲሱን እንጠብቃለን። የኋለኛው ከወለቀ ጣሪያው የሚመልሰው ነገር የለም። በጨዋታ መሀል ክርን ወይም ጉልበት ሲመጣ ቀድመው የሚመቱትም እነሱው ናቸው፤ ወደ ፊት ወጣ ወጣ ያሉ ከሆኑ ደግሞ ይብሳል።

የእኛ ስፖርት ቢያንስ ሕግ አለው። የዓለም ቴኳንዶ የውድድር ደንብ ማውዝጋርድን ግዴታ አድርጎታል፤ ቀለሙ እንኳ ተወስኗል፣ ነጭ ወይም ቀለም አልባ። ሰለሞን ቱፋ በቶኪዮ ኦሊምፒክ በ58 ኪሎ ኢትዮጵያን ወክሎ ሲጋጠም ያዩት ልጆች በደረት መከላከያውና በጭንቅላት መከላከያው ቀኑ እንጂ አፉ ውስጥ ስላለው ነገር ያሰበ የለም። አይታይማ!

ሕጉ በልጆች ውድድር ላይ እንዴት እንደሚከበር ልንገራችሁ። ዳኛው «አፍህን ክፈት» ይላል። ልጁ ማውዝጋርድ የለውም። አሠልጣኙ ዞር ይልና ከምንጣፉ አሁን ከወረደው ልጅ አፍ ያስወጣል፣ በሃይላንድ ውሃ ለቅለቅ ያደርጋል፣ ለተረኛው ያጎርሰዋል። ዳኛው አየ፣ ጨዋታው ቀጠለ። ያ ዕቃ የተቀረጸው በሌላ ልጅ ጥርስ ልክ ነው፤ የመጀመሪያው ምት ሲያርፍ ተስፈንጥሮ ይወጣል። የድድ ደም ከአፍ ወደ አፍ መዞሩን ሳንጨምር ነው። ደግሞ ልጅ ዓመቱን ሙሉ የሚመታውና የሚመታበት ልምምድ ላይ ነው፤ እዚያ አፍ የሚያስከፍት ዳኛ የለም።

ከቴኳንዶ ይልቅ የሚያሳስበኝ ግን ኳስ ነው፤ የሰፈር ልጅ ሁሉ የሚጫወተው እሱን ነውና። የእግር ኳስ ሕግ ቁጥር 4 ተጫዋቹ የቅልጥም መከላከያ እንዲያደርግ ያዛል። ስለ ጥርስ አያዝም። የተመታ ቅልጥም አብዛኛውን ጊዜ አብጦ፣ ጠቁሮ፣ በሳምንቱ ይረሳል። የተሰበረ ጥርስ አይረሳም፤ ልጁ ሲስቅ እጁን አፉ ላይ ማድረግ ይለምዳል፣ ክፍል ውስጥ «ወላቃው» ይሉታል፣ ወላጅ ደግሞ ለዓመታት ወደ ጥርስ ሐኪም ይመላለሳል።

ካዛንቺስ በ2017 ዓ.ም. ሲፈርስ ከተማሪዎቼ ብዙዎቹ ከወላጆቻቸው ጋር ወደ ከተማው ዳር ሄዱ። ለቀሩት መንገዱ ሰፋ፣ መጫወቻም ተሠራ፤ ደስ ይላል። ነገር ግን የድሮው ሜዳ ጭቃ ነበር፤ አሁን ልጅ የሚወድቀው ንጣፍ ድንጋይ ላይ ነው፣ የሚጋጨው ከኮንክሪት ጠርዝና ከብረት አጥር ጋር ነው።

አንድ ቅዳሜ ከአዳራሻችን አጠገብ ኳስ ሲጫወት የነበረ ልጅ በጓደኛው ክርን ተመትቶ የፊት ጥርሱ ከነሥሩ ወጣ። አንድ ጎረቤት ጥርሱን ከመሬት አነሡት፣ በሶፍት ጥርግ ጥርግ አደረጉት፣ ጠቅልለው ለልጁ አባት ሰጡ። በደግነት ነው። ግን ሥሩን የሸፈነው ስስ ሕያው ነገር ሲጠረግና ሲደርቅ ይሞታል፤ ከአንድ ሰዓት በላይ በደረቁ የቆየ ጥርስ ተመልሶ ቢተከል እንኳ የመቆየት ዕድሉ የመነመነ ነው። ቋሚ ጥርስ ከሆነ በነጩ በኩል ብቻ ይያዝ፣ ሥሩ አይነካ። ከቆሸሸ ለአፍታ ያለቅልቁትና ወዲያው ወደ ቦታው መልሱት፤ ልጁ ንጹህ ጨርቅ ነክሶ ይያዘው። ካልተቻለ ወተት ውስጥ ይግባ። የላስቲክ ወተት የሌለው የሰፈር ሱቅ የት አለ? ከዚያ ሳይውል ሳያድር ወደ ጥርስ ሐኪም። የወተት ጥርስ ከሆነ ግን አይመለስም፤ ከሥር ያለውን ቋሚ ጥርስ ይጎዳል።

ከዚህ ሁሉ የሚያድነው አንድ ፍሬ ላስቲክ ነው። አዳራሽ ውስጥ የምናደርገው እንዲህ ነው፦ በቴርሞስ የፈላ ውሃ አመጣለሁ፤ ማሸጊያው ላይ የተጻፈውን ያህል ሴኮንድ እነክረውና አወጣዋለሁ፣ ትንሽ በረድ ሲል ልጁ ይነክሰዋል፣ እኔ ከንፈሩን ከውጭ ጫን ጫን አደርጋለሁ። የጥርሱ ቅርጽ ይታተምበታል። ሐኪም በልክ የሚሠራው ይበልጣል፤ ግን ጥርሱ እየተለዋወጠ ላለ ልጅ በየጊዜው ያን ማሠራት ለማን ይቻላል? በፈላ ውሃ የሚቀረጸው ሲጠበው መቀየር ነው። «ትንፋሽ ይዘጋል» የሚሉት ልጆችም ሲለምዱት ኪያፕ፣ የምት ጩኸታችን፣ ሳይቀር ይጮሁበታል። ጭንቅላትን ከመናጋት ያድናል የሚሉ ሻጮች አሉ፤ ማስረጃው ጠንካራ ስላልሆነ እኔ ለወላጅ እንዲህ አልልም። ጥርስን መጠበቁ ይበቃኛል።

ኒውዚላንዶች ራግቢ ላይ ይህን በደንብ አሳይተዋል። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ ማውዝጋርድን ግዴታ አደረጉ፤ ከ1995 እስከ 2003 ባለው ጊዜ በራግቢ ለደረሰ የጥርስ ጉዳት የሚቀርበው የካሳ ጥያቄ በ43 በመቶ ቀነሰ። ያንን ያመጣው ምክር አይደለም፤ ያላደረገ አይጫወትም መባሉ ነው።

ትምህርት ቤቶቻችን መስከረም ሲመጣ ቱታና ሸራ ጫማ ግዙ ብለው ዝርዝር ይልካሉ። እዚያ ላይ አንድ መስመር መጨመር ምን ያህል ይከብዳል? ያኔ ስታዲየም ዙሪያ ያሉት ሱቆችም ያስቡበታል። ዛሬ ዋንጫ በየመጠኑ ደርድረው የልጅ ማውዝጋርድ ስጠይቃቸው የአዋቂ ያወጡልኛል፤ «በመቀስ ቁረጠው» ያለኝም አለ።

እኔ ጋ ማውዝጋርድ ያልያዘ ልጅ ስፓሪንግ (የግጥሚያ ልምምድ) አይገባም፤ ቁጭ ብሎ የጓደኞቹን ነጥብ ይቆጥራል። «ከፍለን ነው የምናመጣው» ብለው የተቆጡ ወላጆች አሉ፤ ልጃቸውን ወደማይጠየቅበት አዳራሽ የወሰዱም አሉ። ለዚህ ነው አንድ አሠልጣኝ ብቻውን የማይችለው። የውድድር አዘጋጆች ማውዝጋርዱን ምንጣፍ ላይ ሳይሆን ሚዛን ላይ ይመርምሩት። ልጁ ክብደቱን ሲለካ አፉ ውስጥ ያስገባውና ይታይ፤ የራሱ ካልሆነ ያኔውኑ ያስታውቃል፣ ገዝቶ ለመመለስም ጊዜ አለው።