ለታላቅ ኩባንያ የሚያቀርብ ታናሽ ድርጅት

ታናናሽ ድርጅቶች ለታላላቅ ኩባንያዎች ዕቃና አገልግሎት ሲያቀርቡ ከሽያጩ ገንዘብ ሌላ የሚተርፋቸው ጥቅም ይኖር ይሆን? በማዕከላዊ አሜሪካ የምትገኘው ኮስታ ሪካ ለዚህ ጥያቄ አጥጋቢ መልስ ሰጥታለች። እ.ኤ.አ. በ2022 በታተመ ጥናት እንደ ተረጋገጠው፣ ለውጭ ኩባንያዎች ማቅረብ የጀመሩ የአገሪቱ ድርጅቶች ባይጀምሩ ኖሮ ከሚኖራቸው ይልቅ፣ በአራት ዓመት ውስጥ የሠራተኞቻቸው ቁጥር በ26 በመቶ፣ ምርታማነታቸውም ከ4 እስከ 9 በመቶ ከፍ ብሏል።

ይህ ውጤት የተገኘው በገዥው ቸርነት አይደለም። ለጦር ሠፈር ስንቅ ያቀረበ ነጋዴ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ ትልቅ ገዥ ሚዛኑ የጎደለውንና ቀኑ ያለፈበትን ዕቃ ይመልሳል። ስለዚህም አቅራቢው ሒሳቡን በሥርዓት መያዝ፣ ሠራተኛውን ማሠልጠን፣ የዕቃውን ጥራት ከመጫኑ በፊት መመርመር ግድ ይሆንበታል። በዚህ መንገድ የተገኘ ሙያ ደግሞ ለሌላውም ደንበኛ ይተርፋል፤ በኮስታ ሪካ ለሌሎች ገዥዎች የተደረገው ሽያጭ በ20 በመቶ አድጓል።

ሆኖም በአንድ ገዥ ላይ ብቻ መንጠልጠል አደጋ አለው። ኢንቴል የተባለው የኤሌክትሮኒክስ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2014 በዚያችው አገር የነበረውን የመገጣጠሚያ ፋብሪካ እንደሚዘጋ ሲያስታውቅ 1,500 ያህል ሠራተኞች ከሥራ የሚሰናበቱ ሆኑ። እንዲህ ባለ ጊዜ ለአንድ ፋብሪካ ብቻ ሲያመርት የኖረ ወርክሾፕ ማሽኑና ሙያው በእጁ ቢቀርም፣ ሌላ ገዥ እስኪያገኝ ድረስ የሠራተኞቹን ደመወዝ ከየት አምጥቶ ይከፍላል?