የጠፋ ታካሚ «ደህና ነው» ተብሎ አይቆጠርም!

ዛሬ የማወራችሁ ስለ ክኒን ሳይሆን ስለ ቁጥር ነው። ግን የደም ግፊታችሁን በቀጥታ ይመለከታልና እስከ መጨረሻው አንብቡት።

መርካቶ በዱቤ የሚሸጥ ነጋዴ ለ200 ሰው ሰጥቶ 120ዎቹ ቢከፍሉት፣ 80ዎቹ ደግሞ ደብዛቸው ቢጠፋ፣ ደብተሩን ዘግቶ «ደንበኞቼ ጥሩ ከፋዮች ናቸው» ይላል? በፍጹም! እንቅልፍ የሚነሱት የጠፉት ናቸው። እኛ ነጭ ጋዋን ለባሾቹ ግን በሰው ጤና ላይ ይህንኑ እናደርጋለን።

እንዴት? ለማስረዳት ያህል እንዲህ እንበል። በአዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ 200 ሰዎች የደም ግፊት መድኃኒት ጀመሩ። ከስድስት ወር በኋላ ለመለካት የመጡት 120 ናቸው፤ ከእነሱ የ84ቱ ግፊት ተስተካክሏል። ሪፖርቱ «70 በመቶ ተሳክቷል» ይላል። ሶፍትዌሩም የፊቱንና የኋላውን ልኬት ሲያነጻጽር ሁለቱም ያላቸውን ብቻ ወስዶ 80ዎቹን ይተዋቸዋል። የፒ ዋጋው ያምራል፣ ይጨበጨባል። ነገር ግን ከጀመሩት 200 ሰዎች መስተካከሉን የምናውቀው የ84ቱን፣ ማለትም የ42 በመቶውን ብቻ ነው!

80ዎቹ የት ሄዱ? አንዱ በርበሬ በረንዳ ጆንያ ይሸከማል፤ ወረፋ ከጠበቀ የዕለት ጉርሱ ይቀርበታል። አንዷ ምናለሽ ተራ ሱቋን የሚጠብቅላት የላትም። አንዱ «ተሽሎኛል» ብሎ መድኃኒቱን ትቷል። ሌላው ከአውቶቡስ ተራ ተሳፍሮ አገሩ ገብቷል። ምናልባትም ስትሮክ መትቶት የተኛ አለ። እነዚህ በዕጣ የቀሩ ሰዎች አይደሉም። አሜሪካዊው የስታቲስቲክስ ምሁር ዶናልድ ሩቢን የጎደለ መረጃን ችላ ማለት የሚቻለው መቼ እንደሆነ በ1976 እ.ኤ.አ. በጽሑፍ አሳይተዋል። ቁም ነገሩ «ለምን ጎደለ?» የሚለው ጥያቄ ነው። ሰውዬው የቀረው ስለታመመ ወይም ስለደኸየ ከሆነ የመጡት ሰዎች ስለ እሱ ሊመሰክሩ አይችሉም።

«ሶፍትዌሩ ነው ያወጣቸው» የሚል ሰበብ አልቀበልም። ኤስፒኤስኤስ የሎጂስቲክ ሪግሬሽን ሲሠራ ከሚፈልጋቸው መረጃዎች አንዷ እንኳ የጎደለችውን ሰው ጠቅላላ ያስወጣል። ግን አይደብቅም! ስንት ሰው እንደገባ፣ ስንት እንደቀረ በመጀመሪያው ሠንጠረዥ ላይ ይነግረናል። ያንን ዘለን ወደ ፒ ዋጋ የምንሮጠው እኛ ነን።

የባሰም አለ። ውጤቱ ላይ በቁጥር ፋንታ ነጥብ ወይም ባዶ ቦታ ሲያይ «ልዩነት የለም» ብሎ የሚጽፍ አለ። ነጥቧ የምትለው ግን «ማስላት አልቻልኩም» ነው። «ዕድሜው አልታወቀም» ለማለት የተሞላውን 99 የጎደለ መረጃ መሆኑን ለሶፍትዌሩ ሳይነግር አማካይ ዕድሜ የሚያሰላም አለ። ወጣቱ ተሸካሚ በአንድ ሌሊት የ99 ዓመት ሽማግሌ ሆኖ ያድራል!

ባልደረቦቼ «በዚህ ሁሉ ሥራ መሃል የጠፋን ሰው ማን ይቆጥራል?» ትሉኝ ይሆናል። ቲቢ ላይ እንቆጥር የለም እንዴ? መድኃኒቱን ለሁለት ተከታታይ ወራትና ከዚያ በላይ ያቋረጠ ታካሚ ከክትትል እንደጠፋ ይመዘገባል። ከድምሩ አይሰረዝም፣ ሕክምናው ከተሳካላቸውም ጋር አይቆጠርም። ለቲቢ ከተቻለ ለግፊትና ለስኳር የማይቻልበት ምክንያት የለም።

ስለዚህ፦

✅ ተማሪዎችና ተመራማሪዎች፦ ስንት ሰው እንደጀመረ፣ ስንት እንደቀረና ለምን እንደቀረ ከፒ ዋጋው በፊት ጻፉ። የቀሩት ከመጡት በምን እንደሚለዩም አሳዩ።

✅ አማካሪዎችና ኃላፊዎች፦ ይህ ያልተጻፈበትን ሪፖርት አትፈርሙ።

✅ አንባቢዎች፦ «ጥናት አረጋገጠ» ሲባል «ስንት ሰው ቀረ?» ብላችሁ ጠይቁ።

✅ መድኃኒት ያቋረጣችሁ፦ ግፊት ብዙ ጊዜ ምልክት የለውም፤ ደህና መስሎ መሰማት መዳን አይደለም። ይቆጡኛል ብላችሁ አትፍሩ፣ በዚህ ሳምንት ሄዳችሁ ተለኩ። ቀጠሮው ከገበያ ሰዓት ጋር ከተጋጨባችሁ እንዲቀየርላችሁ ጠይቁ። መድኃኒቱ ከከበዳችሁም ተናገሩ፤ በራሳችሁ አታቁሙ።

ነጋዴው ለሸቀጡ ዱቤ ደብተር አለው። ለሰው ሕይወት ከዚያ ያነሰ ደብተር መያዝ ያሳፍራል።

መርካቶ ለሚውል ወዳጃችሁ ሼር አድርጉለት።