ስለ ሪቬትና ስለ ሻጩ ኃላፊነት

የንግድ ዕቃ ክብሩ በዋጋው ብቻ አይለካም። ጥቂት ሳንቲም የሚያወጣ ዕቃ የሰው ሕይወት የሚሸከምበት ጊዜ አለና። ለዚህ ሪቬት ጥሩ ምሳሌ ነው። በነቀምት በቡርቃ ጃቶም ሆነ በጊምቢና በደምቢ ዶሎ፣ ገዢ ሪቬት ሲጠይቅ ብዙውን ጊዜ የሚነገረው ውፍረቱና ርዝመቱ ነው፤ ከምን እንደ ተሠራ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ለድስት እጀታና ለአሸንዳ ይህ ይበቃ ይሆናል። አውሮፕላን በገዛ እጁ ለመሥራት ለተነሣ ሰው ግን ፈጽሞ አይበቃም።

እንዲህ ያለ ሰው በኢትዮጵያ አይገኝም የሚል ቢኖር ይሳሳታል። በነሐሴ 1934 ዓ.ም. በነቀምት ባረፉት በልዕልት ፀሐይ ስም የተሰየመችው አውሮፕላን፣ በጀርመናዊው መሐንዲስ በሉድቪግ ቬበር መሪነት በአገር ውስጥ ተሠርታ በ1928 ዓ.ም. በርራለች፤ ጣሊያኖች ከወሰዷት በኋላም በጥር 2016 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ ተመልሳለች። አቶ አስመላሽ ዘፈሩም በቮልስዋገን ሞተር የምትንቀሳቀስ አውሮፕላን ሠርተው በሰኔ 2007 ዓ.ም. ለማብረር ሞክረው ነበር። ሙከራው የተሰናከለው የፕሮፔለሩ ማያያዣ በመሰበሩ ነው። እንግዲህ ሞተሩ ቢሠራ እንኳ መጋጠሚያው ካልጸና መብረር አይቻልም።

የአሉሚኒየም ላሜራ አካል ባለው አውሮፕላን ይህን መጋጠሚያ የሚያጸናው ሪቬት ነው። አሠራሩም ጥንቃቄ ይሻል። ውፍረቱ 3.2 ሚሊ ሜትር ለሆነ ሪቬት ቀዳዳው በጥቂቱ ብቻ ሰፍቶ ይበሳል፤ የቀዳዳው መካከል ከላሜራው ጠርዝ ቢያንስ 6.4 ሚሊ ሜትር ይርቃል፤ በመብሳት የተነሣው ስለታም ጠርዝም ይጠረጋል። ከላሜራዎቹ ማዶ የሚተርፈው የሪቬቱ ጫፍ 4.8 ሚሊ ሜትር ያህል መሆን አለበት። በአንድ ወገን በአየር ግፊት መዶሻ ሲመታ፣ በሌላው ወገን ከባድ የብረት መደገፊያ ይያዝለታል። የሚፈጠረው አዲስ ራስ 4.8 ሚሊ ሜትር ወርድና 1.6 ሚሊ ሜትር ከፍታ ሲኖረው ሥራው ተስተካክሏል ይባላል። የተጣመመው በመሰርሰሪያ ወጥቶ በሌላ ይተካል።

ይሁን እንጂ ሠሪው ይህን ሁሉ ቢፈጽምም የገዛው ሪቬት የተሳሳተ ከሆነ ድካሙ ከንቱ ነው። ለአውሮፕላን በብዛት የሚውለው ሪቬት መዳብና ማግኒዚየም የተቀላቀለበት አሉሚኒየም ሲሆን፣ በራሱ መካከል ትንሽ ጎድጓዳ ነጥብ አለው። ንጹሕ ከሚባለው አሉሚኒየም የተሠራው ለስላሳ ሪቬት ግን ራሱ ምልክት የለውም፤ የመቆረጥ ኃይልን የሚቋቋመውም የፊተኛውን ሲሶ ያህል ብቻ ነው። ሁለቱ በአንድ ጣሳ ቢደባለቁ በሩቅ ለሚያያቸው አንድ ይመስላሉ።

እዚህ ላይ ኃላፊነቱ የነጋዴው ይሆናል። አስመጪው ዕቃውን ሲያዝ ዓይነቱን ለይቶ ይዘዝ፤ የፋብሪካውንም የጥራት ማረጋገጫ ይጠይቅ። ባለ መደብሩ በፋብሪካው ካርቶን እንዳለ ያስቀምጥ እንጂ ገልብጦ አይደባልቅ። ምንነቱ ያልታወቀውንም «ለአውሮፕላን አይሆንም» ብሎ በግልጽ ይንገር።

ለጥቂት ገዢ ይህን ያህል ድካም ምን ይጠቅማል የሚሉ አይጠፉም። ነገር ግን ካርቶንን ከነጽሑፉ መጠበቅ ወጪ የለውም፤ ልማዱም ለብሎኑ፣ ለኤሌክትሪክ ሽቦውና ለመኪና መለዋወጫው ሁሉ ይተርፋል። ምልክቱን የማያውቅ ገዢ ሪቬት ከምን እንደ ተሠራ በዓይን መለየት ያዳግተዋል። ስለዚህ ገዢው የሚተማመነው በሻጩ ቃል ነው፤ ይህ ቃል እውነተኛ ሆኖ መገኘት ደግሞ ለነጋዴ ከትርፍ ሁሉ የሚበልጥ ትርፍ ነው።