መንገዱን ሁሉ አላሳየኝም

«እንመለስ ወይስ እንቆይ? እግዚአብሔር ምን ይላል?» እያላችሁ በውስጥ መስመር የጻፋችሁልኝ ብዙ ናችሁ።

መጋቢት 1 ቀን 2010 ዓ.ም. ሞያሌ ላይ ወታደሮች ሰላማዊ ሰዎችን ሲገድሉ፣ በሺዎች ሆነን ወደ ኬንያ ተሻገርን። ጎልቦ ዛፍ ሥር ተቀምጬ «ጌታ ሆይ፣ መንገዱን ሁሉ አሳየኝ» ብዬ ለመንኩ። አላሳየኝም። አንዲት የቦረና እናት ግን ምንጣፍና ሻይ ይዘው መጡ። የዚያች ሌሊት ምሪቴ ይኸው ነበር፤ በቃኝም።

ስለዚህ «ተገልጦልኛል፣ ናይሮቢ አደርሳችኋለሁ» የሚል ደላላ አላምንም። መንገዱን ሁሉ አውቃለሁ የሚለው ደላላ ብቻ ነው፤ ዋጋውንም አብሮ ይነግራችኋል! ጸልዩ፣ ዱዓ አድርጉ። ግን ተመዝገቡ፣ ወረቀታችሁን ያዙ፣ የተመለሱትን ደውላችሁ ጠይቁ።

እማዬ፣ «መቼ ትመጣለህ?» ላልሽኝ፣ አላውቅም። ትናንት ግን በልቼ ነው ያደርኩት።