ያልተጠቀምንበት የስልክ ሂሳብ በዝምታ አይታለፍ

በአሜሪካ የሚኖር ወገናችን ቤት ሊከራይ፣ መኪና በብድር ሊገዛ ወይም የቤት ብድር ሊጠይቅ ሲሄድ አስቀድሞ የሚታየው የክሬዲት ነጥቡ ነው። ከ300 እስከ 850 የሚደርሰው ይህ ነጥብ ደግሞ በትልልቅ ዕዳ ብቻ አይበላሽም፤ አንድ አወዛጋቢ የስልክ ሂሳብም ሊያወርደው ይችላል። የስልክ ኩባንያዎች በየወሩ በሰዓቱ መክፈላችንን አብዛኛውን ጊዜ ለክሬዲት ድርጅቶች አያሳውቁም። ያልተከፈለው ሂሳብ ወደ ዕዳ ሰብሳቢ ድርጅት (ኮሌክሽን) ሲተላለፍ ግን ሪፖርታችን ላይ ሊሰፍርና እስከ ሰባት ዓመት ሊቆይ ይችላል። ይህን ፈርተው ያልተጠቀሙበትን የሚከፍሉ አሉ፤ ተናደው ቢሉን ጥለው ዝም የሚሉም አሉ። ሁለቱም መንገዶች ተጎጂውን መልሰው ይጎዱታል። ያላግባብ የመጣ ሂሳብ በጽሑፍ፣ በማስረጃና በጊዜው መሞገት አለበት።

«ይህን የሚያህል ኩባንያ እንዴት ይሳሳታል?» የሚል ካለ ያለፈውን ታሪክ ይመልከት። እ.ኤ.አ. በ2014 ኤቲ ኤንድ ቲ 105 ሚሊዮን ዶላር፣ ቲ-ሞባይል ደግሞ ቢያንስ 90 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምተዋል። በ2015 ቬራይዞንና ስፕሪንት በድምሩ 158 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማሙ። በአራቱም የስልክ ኩባንያዎች ላይ የቀረበው ክስ ጭብጥ አንድ ዓይነት ነበር፦ ደንበኞች ያላዘዙት የሌሎች ድርጅቶች አገልግሎት በስልክ ሂሳባቸው ላይ እየተደመረ ሲከፍሉ ቆይተዋል። የኮከብ ቆጠራ መልእክት ወይም የስልክ ጥሪ ዜማ ተብሎ ይጨመር የነበረው ብዙውን ጊዜ በወር 9.99 ዶላር ነበር። ድምሩን ብቻ አይቶ ለሚከፍል ሰው ይህ አይታወቅም ነበር፤ በዓመት ግን ወደ 120 ዶላር ይጠጋ ነበር። ስህተቱ በስልክ ቢል ላይ ብቻም አይደለም። የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ያስጠናው ጥናት ከአምስት ሸማቾች አንዱ ከሦስቱ የክሬዲት ሪፖርቶች ቢያንስ በአንዱ ላይ ስህተት እንዳለበት አሳይቷል።

ሕጉ ለሚናገር ሰው መሣሪያ ሰጥቷል። በመጀመሪያ ለኩባንያው የትኛው መስመር፣ ስንት ዶላር፣ ለምን ትክክል እንዳልሆነ መጻፍና የማንከራከርበትን ክፍል በወቅቱ መክፈል ያስፈልጋል። ኩባንያው እምቢ ካለ ለፌዴራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን ያለ ክፍያ አቤት ማለት ይቻላል፤ ኮሚሽኑ አቤቱታውን ሲያስተላልፍለት ኩባንያው በ30 ቀን ውስጥ በጽሑፍ መልስ መስጠት ይጠበቅበታል። ጉዳዩ ኮሌክሽን ከደረሰ፣ ሰብሳቢው ስለ ዕዳው የሚገልጸው ማስታወቂያ በደረሰን በ30 ቀን ውስጥ በጽሑፍ ከተቃወምን፣ ማረጋገጫ እስኪልክ ድረስ መሰብሰቡን ማቆም አለበት። ሪፖርታችን ላይ ከሰፈረም ሦስቱ የክሬዲት ድርጅቶች፣ ኢኩፋክስ፣ ኤክስፒሪያንና ትራንስዩኒየን፣ ተቃውሞ ሲቀርብላቸው በአብዛኛው በ30 ቀን ውስጥ አጣርተው፣ ያልተረጋገጠውን የመሰረዝ ግዴታ አለባቸው።

«ደውዬ ነግሬያቸዋለሁ» የሚለው መልስ ግን አያድንም። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል። በስልክ ያነጋገረን ሠራተኛ ነገ ላይኖር ይችላል፤ ቀን ያለበት ደብዳቤና የፖስታ ቤት ደረሰኝ ግን ይመሰክራሉ። «ለ60 ዶላር ብዬ ጊዜዬን አላጠፋም» የሚለውም በቀላሉ የሚናቅ ክርክር አይደለም፤ ሁለት ሥራ ለሚሠራ ሰው አንድ ሰዓት ውድ ነው። ነገር ግን ክብደቱ የሚለካው በ60 ዶላሩ ሳይሆን የወረደ ነጥብ በመኪና ብድር ወለድ ላይ በሚጨምረው ገንዘብ ነው። አንዴ ኮሌክሽን ከገባ በኋላ መክፈልም መዝገቡን በራሱ አያጠፋውም። እንግሊዝኛችን አይበቃም ለሚሉም ደብዳቤው አጭር ነው፤ የሂሳብ ቁጥሩን፣ ቀኑንና ተቃውሞውን በሦስት መስመር ማስፈር ይበቃል፤ ልጅ ወይም ጎረቤት ሊያግዝ ይችላል።

ሁሉም ሰው ዕዳውን ላለመክፈል ተቃውሞ ቢያቀርብ ሥርዓቱ ይፈርሳል የሚሉም አሉ። ሕጉ ለዚህ መልስ አለው፤ እውነተኛ ዕዳ ከተረጋገጠ በሪፖርቱ ላይ ይቆያል፤ መሠረት የሌለውን ተቃውሞም ድርጅቶቹ ውድቅ ማድረግ ይችላሉ። ስለዚህ መብቱ የሚጠቅመው የማይገባውን ለተጠየቀ ሰው ነው።

በማኅበራችን፣ በቤተ ክርስቲያናችንና በመስጊዳችን እንግሊዝኛ የሚያውቁ ወጣቶች በወር አንድ ቀን ተቀምጠው እነዚህን ደብዳቤዎች ለሽማግሌዎችና ለአዲስ መጪዎች ይጻፉላቸው። እርስዎም የዚህን ወር ቢል ከመክፈልዎ በፊት ድምሩን ብቻ ሳይሆን እያንዳንዱን መስመር ያንብቡ። ያላወቁትን ሂሳብ ካገኙ ዛሬውኑ ይጻፉ፤ የደብዳቤውንም ግልባጭ ያስቀሩ።