ማንኩሳን በስሟ የሚያውቃት ብዙ ነው፤ በበጀትስ ማን ያውቃታል?

አማርኛ አንብቦ ማንኩሳን ያልሰማ ሰው ማግኘት ይቸግራል። ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ ሲሄዱ መንገድ ላይ የምትገኝ የጃቢ ጠህናን ወረዳ ከተማ ናት። ክቡር ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» የቦጋለ መብራቱንና የውድነሽ በጣሙን ጎጆ እዚያ ቀለሱ፤ በዛብህንም እዚያ አስወለዱት። ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው ደግሞ ፊደል ያልቆጠረው ገበሬ ሳይቀር ማንኩሳን በጆሮው ጎበኛት። በቅርብ ዓመታት መጽሐፉ በመንግሥት ቴሌቪዥን ተከታታይ ድራማ ሆኗል። ስም የሚሸጥ ዕቃ ቢሆን ኖሮ የማንኩሳ ሰው ዛሬ ከአገሩ ባለጠጎች አንዱ በሆነ ነበር!

ጥያቄው ወዲህ ነው። መንግሥት ለባህልና ለኪነ ጥበብ ብሎ የሚያወጣው ገንዘብ ከአዲስ አበባ ተነስቶ ባህር ዳር ይደርስ ይሆናል። ከዚያ ወዲያ ያለውን መንገድ ግን ያውቀዋል ወይ?

በሕጉ በኩልማ ምን ችግር አለ! በ1987 የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 91 ላይ መንግሥት ኪነ ጥበብን የመደገፍ ግዴታ ጥሎበታል፤ አቅም በፈቀደ መጠን ብሎ። በ1990 የባህል ፖሊሲም ወጥቷል። መሥሪያ ቤቱም አልጠፋም፤ ባህልና ቱሪዝም ሲባል ኖሮ በ2014 ባህልና ስፖርት ተባለ። /ባህል ግን ራሱን ችሎ ጎጆ መውጣት ያቃተው ይመስል ሁልጊዜ ደባል ነው።/ ጉዱ ያለው «አቅም በፈቀደ» የምትለዋ ላይ ነው። አቅም አዲስ አበባ ላይ ሁልጊዜ ይፈቅዳል። ሀገር ፍቅር ከ1927፣ ብሔራዊ ቴአትር ከ1948 ጀምሮ እዚያው ናቸው። በ2016 የተመረቀው የዓድዋ ድል መታሰቢያም እዚያው ፒያሳ ነው። ይሁን፣ ዋና ከተማ ናት፤ ማንም አይመቀኛትም። ክልሉ ውስጥ ደግሞ ባህር ዳር ሙሉዓለም የባህል ማዕከል አለ። ለጃቢ ጠህናን፣ ለቡሬ፣ ለደንበጫ ገጠር ሲሆንስ? ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ!

እርግጥ የገጠር ሰው ጭራሽ አይታወስም ማለት አይቻልም። ኅዳር 29 የብሔር ብሔረሰቦች ቀን ሲደርስ ይታወሳል። ባለሥልጣን ሲመጣ ይታወሳል፤ ስብሰባ ሊከፈት ሲል «እስክስታ የሚወርዱ ልጆች ይምጡ» ይባላል። ሆ ብለው ይጨፍራሉ፣ ካሜራው ይቀርጻቸዋል፣ የውሎ አበል ይሰጣቸውና ይሸኛሉ። ይኼ ድጋፍ ከተባለ እንግዳ ሲመጣ ብቻ የሚነጠፈው ስጋጃም ተደግፏል ማለት ነው።

በዚህ ረገድ ደርግ ይሻል ነበር የሚሉ ሰዎች አሉ። ውሸት አይደለም፤ ግማሽ እውነት ነው። የወሎ ላሊበላ፣ የጎንደር ፋሲለደስ፣ የጎጃም ግሽ ዓባይ ኪነት ቡድኖች በዚያ ዘመን ስንት ድምፃዊና ተወዛዋዥ አፍርተዋል። በየቀበሌው ከበሮና መሰንቆ ነበር። ግን ዘፋኙ ስለ ፍቅር ሊዘፍን ሲነሳ በመጀመሪያ አብዮቱን ማወደስ ነበረበት። አዳራሹንና ከበሮውን ሰጥተው አፉን ወሰዱት። ከዚያ ወዲህ የመጡት ደግሞ አዳራሹን ረሱት፣ ውዳሴውን ግን አልረሱትም።

ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ጎጃም ለዚህች አገር የሰጠው ትልቁ ጥበብ ቅኔ ነው። ዋሸራና ጎንጅ የጎጃም ናቸው። ሐዲስ ዓለማየሁ ራሳቸው ደብረ ኤልያስ፣ ደብረ ወርቅና ዲማ የተማሩ የቅኔ ሰው ናቸው፤ ያንን አማርኛ ከየት አመጡት ብሎ የሚገረም ካለ መልሱ እዚያ ነው። በዛብህም ቢሆን የድሃ ልጅ ሆኖ ሳለ ሰብለ ወንጌል ዘንድ የደረሰው በመሬት ብዛት አይደለም፣ በትምህርቱ ነው። ያ ትምህርት ቤት ዛሬም በየገጠሩ አለ። የኔታ ከጎጆው ደጃፍ ተቀምጠው ያስቀጽላሉ፤ ተማሪው አኩፋዳውን አንግቶ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ከውሻ ጋር ይታገላል።

ድሮ ይህ ትምህርት የሚቆመው በቤተ ክርስቲያን መሬት ነበር። በ1967 የገጠር መሬት በአዋጅ ተወረሰ። ለጭሰኛው ፍትሕ ነበር፤ በዚህ ክርክር የለም። ነገር ግን የየኔታ ቀለብ ከዚያው መሬት ይወጣ ነበርና በምን ይተካ ብሎ የጠየቀ አልነበረም። ይኸው 50 ዓመት አለፈው፣ ዛሬም የጠየቀ የለም። መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ ናቸው የሚል መልስ ይሰጣችኋል። እሺ፣ ለላሊበላ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት እድሳት መንግሥት ሲሯሯጥ ሃይማኖት አልነበሩም እንዴ? ድንጋዩ ቅርስ ከሆነ ቅኔው የማይሆንበት ምክንያት ምንድን ነው? ድንጋይ አይራብም፤ የኔታ ግን ይራባሉ፣ ያረጃሉ፣ ያንን ሁሉ ቅኔ በሆዳቸው እንደያዙ ይሞታሉ።

ጃፓኖች ይህንን ከእኛ ቀድመው ነቅተውበታል። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1950 ባወጡት ሕግ መሠረት አንድን ጥንታዊ ጥበብ የያዘን ሰው ራሱን እንደ ቅርስ ይቆጥሩታል፤ በዓመት 2 ሚሊዮን የን ይሰጡታል፣ እሱም ተተኪ ያስተምራል። ጣሊያኖች ደግሞ የባሰ ነገር ሠርተዋል። ቬሮና የሚባለው ከተማ ማዘጋጃ ቤት በ1905 /በእነሱ አቆጣጠር/ አንድ አሮጌ ቤት ገዝቶ «የጁልየት ቤት» አለው። ጁልየት በልብ ወለድ እንጂ በአካል መኖሯን ያረጋገጠ የለም። ታዋቂውን ሰገነት እንኳ ኋላ የለጠፉት ነው! ሆኖም ቱሪስቱ ይጎርፋል። የሰብለና የበዛብህ ፍቅር ከዚያ ምኑ ያንሳል? ማንኩሳ ሰገነት መለጠፍ አያስፈልጋትም። አንድ ጥሩ ቤተ መጻሕፍት፣ የአካባቢው ወጣት ቴአትር የሚለማመድበት አዳራሽ፣ የየኔታንና የአዝማሪውን ድምፅ ቀርጾ የሚያስቀምጥ አንድ ባለሙያ ይበቃታል። ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ የባህል ጥናት ተቋሙን በሐዲስ ስም መሰየሙ የሚመሰገን ነው፤ ዩኒቨርሲቲ ግን የወረዳን ሥራ ሊሠራ አይችልም።

«ሰው እየሞተ ስለ መሰንቆ ታወራለህ?» የሚለኝ አይጠፋም። ከ2015 ክረምት ወዲህ ክልሉ ምን እንዳሳለፈ እናውቃለን። በዚያው ነሐሴ ፍኖተ ሰላም ላይ ከሰማይ የወረደው በአንድ ቀን ስንቱን ንጹሕ ሰው እንደፈጀ እናውቃለን። ለዚህ እኮ ነው የምናወራው። ሰዓት እላፊ በታወጀበት ከተማ ማታ ማታ ዘፍኖ የሚያድር አዝማሪ ምን ይበላል? መንገድ ሲዘጋ የቆሎ ተማሪው ወደ የትኛው የኔታ ይሄዳል? ያ ሕዝብ ሐዘኑን የሚያወጣው ደግሞ በሙሾና በቀረርቶ ነው። እሱንም «የማን ደጋፊ ነህ?» ብለው ከጉሮሮው ሊቀሙት ይሞክራሉ።

ስለዚህ ድጋፉ ይምጣ ስንል ልጓሙን ይዞ አይምጣ። ገንዘቡን ካድሬ ሳይሆን የአገር ሽማግሌ፣ መምህርና ባለሙያ ያሉበት የወረዳ ኮሚቴ ይያዘው፤ ሒሳቡም በገበያ ቀን በአደባባይ ይነበብ። ባለመሰንቆው ሹሙን ቢያወድስም ቢዘልፍም ክፍያው አንድ ይሁን።

የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል። የምዕራብ ጎጃም ሕዝብ ተወካዮች የክልሉ ምክር ቤት ውስጥ እጃቸውን ለማጽደቅ ከማንሳታቸው በፊት አንድ ጊዜ ለመጠየቅ ያንሱልን፤ ለጃቢ ጠህናን ባህልና ኪነ ጥበብ የተያዘው ስንት ብር ነው? ከእሱ ውስጥስ ለበዓል ቲሸርትና ለባነር የሚውለው ስንቱ ነው?